ለምጽ የሌለባት ይማርሽ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለየትናየት ምሥጋናው፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ያስቸግርሻል? የኩዌት ሙቀትስ በረደላችሁ? የምታሳድጊያቸው ልጆችስ ደኅና ናቸው? ማዳምሽ የሰንበት ዕረፍትሽን መስጠት ጀመረች? እኛ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን በሕይወት አለን። አባባ ማኅሌቱን አላቋረጡም፤ ጉልበታቸው ግን ብርድ ሲሆን እንቢ ይላቸዋል። እማዬ ዓይኗ ከበፊቱ ተሽሏታል። የአክስታችን የሙሉዬ ገብስም ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ታጭዶ ተከምሯል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አመተ ሥላሴ ናት። ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ሰጠኋት። «በዚህ ዘመን ደግሞ ወረቀት? በስልክ አትልኪላትም?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። የእጅ ጽሕፈቴን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ሰው ሊያስመስለው አይችልም፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። ስልኬን ከዘጋሁ ሰንብቻለሁ። በዚህ መካከል «አዲሱ ቁጥሬ ነው፣ ይማርሽ ነኝ» ብሎ የጻፈልሽ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ እባክሽ እንዳትመልሺ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ያንን የትዳር መፈላለጊያ አፕ ስከፍት ላንቺ ነግሬሽ ነበር። ለአባባ ግን አልነገርኳቸውም፤ መሪጌታ የሚያህሉ ሰው ልጃቸው በስልክ ባል ትፈልጋለች ሲባል ምን ይሰማቸዋል ብዬ ነው። ፎቶውን የተነሣሁት ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ኋላ እንደተቀመጥኩ፣ ከከንፈሬ ጥግ ተነሥቶ እስከ አገጬ የወረደው ለምጼ ፊት ለፊት እየታየ ነው። ያነሣችኝ ባንቺዓለም ናት፣ ከጎኔ ጫማ የምትሸጠው ጓደኛዬ። «በፊልተር እናጥፋው፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው እኮ» አለችኝ። እንቢ አልኳት። ያ ከሰቆጣ ድረስ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ፣ ፊቴን ካየ በኋላ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ የተነሣውን ሰው አንቺም አትረሺውም። ሰው ፊቴን አይቶ ሲደነግጥ ዳግመኛ ቆሜ ማየት አልፈለግሁም። የሚሸሽ ካለ እዚያው ከፎቶው ይሽሽ ብዬ ነው።

ከፎቶው ያልሸሸው አዝመራው ነው። ደብረ ብርሃን የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። እሱም በራውን በኮፍያ ሳይሸፍን፣ ቱታውን እንደለበሰ ነበር ፎቶውን ያስቀመጠው። ከኔ በፊት አንዲት ሴት የታናሽ እህቷን ፎቶ የራሷ አስመስላ ብዙ ጊዜ አታልላው ስለነበር፣ መጀመሪያ የጻፈልኝ ቃል «ይህን ያልደበቀች ሴት ሌላም አትደብቀኝም ብዬ ነው» የሚል ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን የዕለቱን ፎቶ እንለዋወጥ ነበር። እሱ እጁ ግራሶ እንደነካ፣ እኔ ክር በጥርሴ እንደያዝኩ። ያማረ ፎቶ ከሁለታችንም አይጠበቅም ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን በአካል ሳንገናኝ ተላመድን፤ ሌላው ቀርቶ ሲደክመው ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ለየሁት።

እንግዲህ ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ ባንቺዓለም ሮጣ ሱቄ ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች። «አንድ የማላውቀው ሰው ያንቺን ፎቶ በስልክ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ነው» አለችኝ። «የኔን ፎቶ?» ብላት፣ «ያንቺን። ግን ለምጽሽ የለም» አለችኝ።

ያለንበትን ጊዜ አንቺም ከሩቅ ትሰሚዋለሽ። በዚህ ወራት አንድ እንግዳ የሰው ፎቶ ይዞ ሲፈልግ ደግ ነገር ይዞ መጣ ብሎ የሚገምት የለም። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው ለመጠየቅ የደፈረም አልነበረም። ብዙዎቹ «አናውቃትም» ብለው ሸኝተውታል። አንዱ ግን ፈርቶ ይሁን ሊረዳው አስቦ «የመሪጌታ ምሥጋናውን ልጅ ትመስላለች» ብሎታል። ይህን ስሰማ የጀመርኩትን ጥልፍ ከመኪናው ሳላነሣ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ የአሸተንን አቀበት ይዤ ሽቅብ፤ ከተራራው ሥር አክስታችን ሙሉዬ ቤት ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር።

«ምን አግኝቶሽ ነው?» ስትለኝ «ራሴን አሞኝ» አልኳት። እሷም ጠርጥራለች መሰለኝ አልተጫነችኝም። ውሻው በጮኸ ቁጥር ከግድግዳው እለጠፋለሁ። ለአጫጆቹ ምሳ ይዤላት እንድወጣ ብትለምነኝ እግሬ ከደጃፉ አላልፍ አለ። ስልኬ ራሱ የሚያየኝ እየመሰለኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ጣልኩት። ፎቶዬን ማን ወሰደው? ለምጼንስ ማን አጠፋው? እያልኩ የማውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ አንድ በአንድ አቆምኩት። ባንቺዓለምንም ጭምር፤ «በፊልተር እናጥፋው» ያለችኝ እሷ ናትና። እታለም፣ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንድ ሰው ፊትሽን ሲሰርቅብሽ ወዳጆችሽንም አብሮ ይወስድብሻል።

በማግስቱ አባባ ላኩብኝ። «ሰውየው ቤቴ ድረስ መጥቷል። ልጄ ትምጣ፤ አትደበቅ» ነበር መልእክታቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሰውየው ይልቅ አባባን ፈራሁ። ሙሉዬ እጄን ይዛ ወረደች። 

ቤት ስንደርስ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘን። ደግሰው ይባላል፤ ከወልድያ ጋሸና ሲኖትራክ የሚነዳ ሹፌር ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። እንዳየኝ ብድግ አለ። «ሊዲያ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ንዴትም ናፍቆትም ነበረበት። «ሊዲያ የምትባል አላውቅም። እኔ ይማርሽ ነኝ» አልኩት። ቀረብ ብሎ አገጬን አየና «ይህንን ነው የደበቅሽኝ?» አለ። «ብትነግሪኝ እተውሽ ነበር? ለዚህ ብለሽ ነው ጋሸና መገንጠያው ላይ ስንት ጊዜ ገትረሽኝ የቀረሽው?»

ከዚያ በቁጣ ዘረገፈው። ሊዲያ ከምትባል ሴት ጋር በስልክ ከተዋወቀ ዓመት አልፎታል። ፊቷን በቪዲዮ እንድታሳየው ሲጠይቃት «የላሊበላ ኔትወርክ አይችልም» ትለዋለች። ልምጣ ሲላት «አባቴ ይገድሉኛል፣ ጋሸና እንገናኝ» ትለዋለች። ጋሸና ቆሞ ሲጠብቅ «መንገድ ተዘጋብኝ» ትለዋለች። በእሷ ተማምኖ ቤተሰቡ ያጨለትን ልጅ፣ የሠርጓ ልብስ ከተሰፋ በኋላ፣ አልፈልግም ብሎ ትቷታል። ልጅቷ እስከ ዛሬ ከቤት አልወጣችም አለን። «የሰው ልጅ ያሳዘንኩት ባንቺ ነው» ብሎ የበሩን መቃን በቡጢ ሲመታው እማዬ በሁለታችን መካከል ገብታ ቆመች። እንደምታውቂያት ትንሽ ናት፤ ደረቱ ላይ እንኳ አትደርስም። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

አባባ እስከዚያ ድረስ ያዳምጡ ነበር። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህችን ሴት በስልክ ታነጋግራታለህ?» አሉት። «እንዴታ አባቴ፣ ትናንትም አነጋግሬያታለሁ።» «እንግዲያው ልጄ ፊትህ ቆማለች፤ እጇም ባዶ ነው። ደውልላት እስቲ» አሉት። ደግሰው እኔን እያየ ደወለና ላውድ አደረገው። ስልኩ ጠራ። እኔ በልቤ እንዳይነሣ እለምን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ተነሣ። «ወዬ ደጌ» አለች አንዲት ሴት።

 ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ የወጣት፣ ትንሽ የደከመው። «የት ነሽ?» አላት ደግሰው። «የት እሆናለሁ፣ ቤት ነኝ። አባባ ከማኅሌት ገብተው እግራቸውን እያጠብኩ ነው» አለች። አባባ ያኔ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፉ ተሰማኝ። «አገጭሽ ላይ ምን አለ?» አላት። ሳቀች። «ምን ይኖራል? ፎቶዬን አይተኸው የለም እንዴ?» ይህን ጊዜ አባባ ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ቀረቡና «ልጄ፣ አንቺ ማን ነሽ?» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ የንስሐ አባት ልጁን እንደሚጠይቅ ዓይነት ነው። መተንፈሷ ይሰማን ነበር። ከዚያ ዘጋችው።

ደግሰው መደቡ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ሁሉ ቁጣ ከላዩ ወረደና የደከመ ሰው ብቻ ቀረ። እማዬ ውሃ ሰጠችው። ሲረጋጋ ስልኩን ሰጠኝና ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሁሉም የኔ ናቸው፤ አፑ ላይ ያስቀመጥኩት፣ የሱቄ ገጽ ላይ የለጠፍኩት፣ ከእማዬ ጋር የተነሣሁት። ከሁሉም ላይ ለምጹ ጠፍቷል። አገጬ ጥርት ብሎ የሌላ ሴት አገጭ መስሏል። እታለም፣ ላንቺ ምን እደብቅሻለሁ፤ ቆንጆ ነበርኩ። ለአፍታ ያህል ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ልጠላት ይገባኝ የነበረችውን ሴት ቀናሁባት። ካስፈራኝ ነገር ሁሉ ያ ይበልጣል።

ስለ ቤታችን እንዴት አወቀች ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እኛም ስንጠያየቅ ሰነበትን። በኋላ የራሴን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳነበው የነገርኳት እኔው ሆኜ ተገኘሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ከማኅሌት ሲመለሱ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ እናቴ ዓይኗን ያማታል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ እኮ ነው እውነቱን የጻፍኩት። እሷ እውነቱን እንዳለ ወሰደችና ለምጹን ብቻ ጣለችው። ከደግሰው ምን ፈልጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ገንዘብም ሆነ ሌላ ነገር ጠይቃው አታውቅም። እንድትወደድ ብቻ ፈልጋ ይሆን? ይህን ሳስብ አንዳንዴ ታሳዝነኛለች፣ ወዲያው ደግሞ ይቀፈኛል።

ደግሰው ሲሄድ ከአባባ ጉልበት ሥር ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ለኔም «ፊትሽን ጠልቼ አይደለም፣ ማርኩህ በይኝ» አለኝ። ማርኩት። ያችን የተዋትን ልጅ ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቃት አባባ አስማሉት። ጠይቋት እንደሆነ አልሰማንም።

እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባልኝ። ቁጥሬ የሱቄ ማስታወቂያ ላይ አለ፤ ለማንም አይጠፋም። «ፊትሽን ያሳመርኩልሽ እኔ ነኝ። እሱን ለምን አባረርሽብኝ?» ይላል።  ከአባባ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃሌን ሰጠሁ። በደንብ አዳምጠው ቁጥሩን መዘገቡ፤ ሲደውሉለት ግን ተዘግቷል። ተጠንቀቂ አሉኝ። ከምን እንደምጠነቀቅ ግን እነሱም አላወቁትም፣ እኔም አላወቅሁትም።

የሊዲያ ገጽም ለጊዜው ጠፍቶ በሌላ ስም ብቅ አለ። ይህን ያወቅሁት በአዝመራው ነው። የሥራ ባልደረባው «ያንተዋ አይደለችም?» ብሎ አሳይቶት፣ ፎቶውን ላከልኝና ከሥሩ «የትኛዋ ነሽ?» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። አነበበው፤ ግን ዝም አለ። ምን ልላክለት? ፎቶ ብልክለት ፎቶ መሥራት እንደሚቻል አይቷል። እስከዚያ ቀን በመካከላችን የነበረው ያ የየዕለቱ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው የነጠቀችኝ። ያን ቀን ስልኬን ዘጋሁት፣ ሱቁንም ዘጋሁት። 

ከቤት መዋሌን አይተው አባባ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስለ አዝመራው ያኔ ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ፊትሽን እንዳለ አይቶ የወደደሽ ሰው አለ ነው የምትይኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ይህ ምን ያስደብቃል?» ብለው ተነሡ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ እማዬን ጠሯትና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ለቱሪስት ካሜራ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩት አባባ «ነይ፣ መሀላችን ቁሚ» አሉኝ። ያነሣችን ባንቺዓለም ናት። እንደጠረጠርኳት ገብቷታል፤ አልተቀየመችኝም፣ ወይም ቅያሜዋን አላሳየችኝም። ደጋግማ ነው ያነሣችን።

ፎቶው ሲላክ አባባ በራሳቸው ስልክ ለአዝመራው ደወሉለት። ቃላቸውን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ልጄ፣ እኔ የይማርሽ አባት ነኝ። አሁን የላክንልህ ፎቶ ላይ ያለሁት ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ አጠገቤ ያለችው ልጄ ናት። ልጄን ከፈለግህ ከነለምጿ ነው። ለምጽ የሌለባት ይማርሽ ብትመጣብህ እሷ የኔ ልጅ አይደለችም። አላምንም ካልክ መጥተህ የላሊበላን ካህናት ሁሉ ጠይቅ።» አዝመራው ከወዲያ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው። አንዴ ስለተታለልኩ ነው የፈራሁት» አላቸው። «እሷም ፈርታለች» አሉት አባባ። «ሁለት ፈሪዎች በስልክ አትተማመኑም። ና፣ በዓይንህ እያት።»

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። አሁን በአባባ ስልክ እየደወለ ድምፄን ይሰማል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታዬን የምይዘው እንደ ሰው ዕቃ ነው። መንገዱን እፈራዋለሁ። በሰላም ጋሸናን አልፎ ይደርስ ይሆን እላለሁ። ደርሶስ በዓይኑ ሲያየኝ ያች የጸዳችው ፊት በሐሳቡ ትመጣበት ይሆን ብዬም እፈራለሁ። እሷን አይቷታላ።

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ገናም እየቀረበ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማችን ከየአገሩ በሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። ሁሉም ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ከመካከላቸው ስንቱ ያችን ሴት በሌላ ስም ያውቃት ይሆን? ሱቄን ሰሞኑን ከፍቻለሁ። ትናንት አንድ ሰው ገብቶ ስልኩን ወደ ፊቴ አቅንቶ «ይህችን» ሲል መቀሱን አንሥቼ ከጠረጴዛው ኋላ ቆምኩ። ለሚስቱ የሚያሰፋላትን የጥልፍ ዓይነት ሊያሳየኝ ኖሯል። ሰውየው ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ልብሱን ተቀብዬ ለካሁ።

እታለም፣ ላንቺ የምለምንሽ ይህንን ነው። በስሜ የሚጽፍልሽ ቢኖር ለአባባ ደውለሽ ሳታረጋግጪ አንዲት ቃል እንዳትመልሺ። ስለ ሥራሽ፣ ስለምትኖሪበት ቤት ለሰው ሁሉ አትጻፊ። ፎቶሽንም ጠብቂ።

አመተ ሥላሴ «አፑ ላይ ያለውን ፎቶሽን አጥፍተሽ ለምን አትገላገዪም?» ብላኛለች። እማዬም እንደዚያው ትላለች። አስቤበት በአባባ ስልክ ገጼን ከፈትኩት። ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ፣ ለምጼ ከከንፈሬ እስከ አገጬ እንዳለ፣ ራሴን መልሼ እያየሁ ነበር። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳላጠፋው ጣቴን አነሣሁ። አልደብቅሽም፣ እፈራለሁ፤ ይህን ስጽፍልሽም በሩን ቀርቅሬ ነው። ግን እኔ ፎቶዬን ካጠፋሁት፣ ፊቴን ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እሷን ብቻ ነው።

አባባ ቡራኬያቸውን ልከውልሻል፤ በየዕለቱ በጸሎታቸው ስምሽን ይጠራሉ። እማዬ «ወገቧን ታሙቅ፣ ዕቃ ብቻዋን አታንሣ በይልኝ» ብላ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማለች። ሙሉዬ ከነልጆቿ ሰላም ትልሻለች፣ ከአዲሱ ገብስ በሶ አዘጋጅታ በአመተ ሥላሴ ልካልሻለች። ባንቺዓለምም እጅ ነሥታለች። አዝመራው ባያውቅሽም «እህቷን ሰላም በይልኝ» ብሏል። ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቅሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ፊቷን የምታውቂው እህትሽ
ይማርሽ ምሥጋናው

ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.